ኤልሳቤጥ ባቶሪ፤ ደም መጣጭ የተደረገችው እመቤት

የሆረር ፊልም የምትወዱ ከሆነ ይህችን ሴት ታውቋታላችሁ። ነጭ ቀሚስ፣ ቀይ ከንፈር፣ በሻማ የሚበራ ባዶ ቤተ መንግሥት። ቀን ተኝታ ትውልና ማታ ትነሳለች። ወጣት ታባብላለች፣ አንገት ትስማለች፣ መሳሙ ሳይታወቅ ወደ ንክሻ ይለወጣል። በተለይ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጅየምና በስፔን የተሠሩት ፊልሞች ቫምፓየሯን ሴት ልብሷን እያስወለቁ ነው ያቀረቧት። ግማሹ ለማስፈራት፣ ግማሹ ለማማለል። አብዛኞቹ ከደራሲ ጭንቅላት የወጡ ናቸው። አንዷ ግን በእውነት ኖራ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ታስራ የሞተች የሃንጋሪ መኳንንት ልጅ ናት። ኤልሳቤጥ ባቶሪ ትባላለች።

ስሟን መጀመሪያ የሰማሁት እንጭኒ ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ትርጉም ፊልም ስናይ ተራኪው (እንደ ልማዱ ፊልሙ ያላለውን እየጨመረ) ሴትዮዋ በእውነት የነበረች መሆኗን፣ 650 ልጃገረዶች አርዳ ወጣት ሆና ለመቆየት በደማቸው ትታጠብ እንደነበር ነገረን። ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊልሙ ይልቅ ያስፈራን ያ ቁጥር ነበር። ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ከገባሁ በኋላ ደግሞ ቁጥሩ በሌላ መንገድ ተመለሰብኝ፤ አስተማሪዎቻችን ቁጥር ባየን ቁጥር ማን ቆጠረው ብለን እንድንጠይቅ ነው የሚነግሩን። እኔም 650ውን ማን ቆጠረው ብዬ ተነሳሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የመጣ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጬዋለሁ።

ኤልሳቤጥ ኦገስት 7 ቀን 1560 ኒርባቶር በምትባል የሃንጋሪ ከተማ ተወለደች። ያኔ በእኛ አገር ዙፋን ላይ አፄ ሚናስ ነበሩ፤ ስትሞት ደግሞ አፄ ሱስንዮስ። አባቷም እናቷም ባቶሪ ናቸው፤ ከአንድ ትልቅ ዘር ሁለት ቅርንጫፎች። የእናቷ ወንድም እስጢፋኖስ ባቶሪ መጀመሪያ የትራንሲልቫኒያ ገዥ፣ ከ1576 ጀምሮ ደግሞ የፖላንድ ንጉሥ ነበር። ትራንሲልቫኒያ ሲባል ድራኩላ ትዝ የሚላችሁ አትጠፉም። ነገር ግን የእሷ ታሪክ የተፈጸመው እዚያ አይደለም፤ ዋናው ቦታ ዛሬ ስሎቫኪያ በሚባለው አገር የሚገኘው የቸይቴ ግንብ ነው።

የዘመኑን ሁኔታ ሳያውቁ ሴትዮዋን ማወቅ አይቻልም። ሃንጋሪ በ1526 ሞሃች ላይ በኦቶማን ቱርክ ተሸንፋ ሦስት ቦታ ተቆራርጣለች። አንዱ ክፍል በቪየናዎቹ የሀብስበርግ ነገሥታት እጅ ነው፣ መካከሉን ቱርክ ይዞታል፣ ምሥራቁ ትራንሲልቫኒያ ነው። ዋና ከተማዋ በ1541 በቱርክ ተያዘች። የከተማዋ ስም ቡዳ ነው! (የዛሬዋ ቡዳፔስት ግማሽ ማለት ነው። ከእኛ ቡዳ ጋር ዝምድና የለውም፤ የኛው ቡዳ ግን ወደ ኋላ ይመጣል።) ያው የኦቶማን ጦር በ1557 ምጽዋን የያዘው፣ በ1570ዎቹ መጨረሻ አፄ ሠርፀ ድንግል ሰሜን ድረስ ሄደው የወጉት ነው። ስለዚህ የኤልሳቤጥ ባልና የእኛ ንጉሥ ሳይተዋወቁ አንድ ጠላት ነበራቸው ማለት እንችላለን።

ባሏ ፌሬንጽ ናዳሽዲ ይባላል። ገና ልጅ ሳለች ታጨችለትና በሜይ 1575፣ ዕድሜዋ 15 ሳይሞላ፣ ተጋቡ። እሱ 19 ዓመቱ ነበር። የናዳሽዲ ቤት ተራ ቤት አይደለም። የፌሬንጽ አባት በሳርቫር ግቢው አጠገብ ማተሚያ ቤት ያቋቋመ ሰው ነው፤ በሃንጋሪ ምድር በሃንጋሪኛ የታተመው አዲስ ኪዳን በ1541 የወጣው ከዚያ ማተሚያ ነው። ይህንን ሳነብ ትንሽ ቆምኩኝ። በኋላ ስሟን በዓለም ላይ የሚበትነው ነገር ማተሚያ መሆኑን ስታውቁ እናንተም ትቆማላችሁ።

ፌሬንጽ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ጦር ሜዳ ነው። ጥቁሩ ቤይ የሚል ቅጽል ነበረው፤ በጭካኔው ቱርኮችን ሳይቀር ያስፈራ ነበር ይባላል። ከ1593 እስከ 1606 የቆየው ረጅም ጦርነት ሲጀመር ጭራሽ ከቤት ራቀ። ቤቱን፣ ርስቱን፣ ገባሩን የምታስተዳድረው ሚስቲቱ ሆነች። ከእጇ የወጡ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ፤ ስለ እህል፣ ስለ ሹማምንት፣ ስለ ጥበቃ ታዛለች። ባሏ በቱርክ ለተማረከባት ሴት ጣልቃ ገብታ የረዳችበትም አለ። ብዙ ልጆች ወልዳለች፤ ከእነዚህ አና፣ ካታሊንና ፓል አድገው ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። ካውንተስ የሚለውን ማዕረግ በእኛ ብንተረጉመው የደጃዝማች ሚስት ያህል ይሆናል፤ ግን ደጃዝማቹ የሌለበት ቤት ደጃዝማች እሷው ናት።

ጃንዋሪ 4 ቀን 1604 ፌሬንጽ ሞተ። ኤልሳቤጥ 43 ዓመቷ ነበር። ሊሞት ሲል ቤተሰቡን አደራ ያለው ለወዳጁ ለጆርጅ ቱርዞ ነው። ይህንን ስም ያዙልኝ።

ባሏ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር። እስትቫን ማጃሪ የሚባል የሉተራን ቄስ ከ1602 እስከ 1604 ባለው ጊዜ በእመቤቲቱ ላይ በይፋ አቤቱታ አቀረበ፤ በግቢዋ ገረዶች እየተሰቃዩ ይሞታሉ አለ። የሚሰማው አላገኘም። ለምን? ምክንያቱም በዚያ ዘመን ባላባት ገረዱን ቢመታ፣ ቢያስር፣ በዱላ ብዛት ብትሞትበት እንኳ የሚጠይቀው አልነበረም። የገባር ልጅ ናትና። ነገሩ የተለወጠው ከትናንሽ መኳንንት ቤት ሥርዓት ሊማሩ ወደ ግቢዋ የተላኩ ልጃገረዶች መሞታቸው ሲወራ ነው። እነሱ አባት ነበራቸው፤ አባታቸውም መክሰስ ይችላል። (ገረዶቹም አባት እንዳላቸው የዘመኑ ሕግ ብዙም ትዝ አላለውም።)

በ1610 ንጉሥ ማትያስ ጉዳዩ እንዲመረመር አዘዘ። መርማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ጆርጅ ቱርዞ። በዚህ ጊዜ ፓላቲን ሆኗል፤ ከንጉሡ ቀጥሎ ያለ ሹም፣ በእኛ ራስ ቢትወደድ እንደማለት ነው። ሁለት ጸሐፊዎች ተልከው ቃል መቀበል ጀመሩ። እስከ ኦክቶበር 52 ሰዎች ተጠየቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምርመራው ሲያልቅ የምስክሮቹ ብዛት ከ300 አልፏል። መደብደብ፣ ማቃጠል፣ በመርፌ መውጋት፣ ማስራብ፣ በክረምት በቀዝቃዛ ውኃ ማርጠብ ተጠቅሷል። ከምስክሮቹ ብዙዎቹ ግን ነገሩን በዓይናቸው አላዩም፤ ከሌላ ሰው ሰምተው ነው የተናገሩት። አንዳንዶቹ ሬሳ አይተዋል፣ ቁስል አይተዋል፣ የተቀበሩበትን ሰዓት አይተዋል።

ቱርዞ በዲሴምበር 1610 መጨረሻ በሌሊት ቸይቴ ደርሶ ያዛት። አራት አሽከሮቿም ተያዙ፤ ሞግዚት የነበረችው ኢሎና ዮ፣ ዶሮትያ፣ ልብስ አጣቢዋ ካታሊን፣ ፊትስኮ የሚሉት ወጣት። በጃንዋሪ 1611 መጀመሪያ ቢችሳ በምትባል የቱርዞ ከተማ ሁለት ቀን ችሎት ተቀመጠ። አሽከሮቹ ቃላቸውን የሰጡት በግርፋትና በስቃይ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጣቶቻቸው በጉጠት ተነቅሎ በእሳት ተቃጠሉ፣ ፊትስኮ አንገቱ ተቀልቶ ተቃጠለ። ካታሊን ሌሎቹ ያስገደዷት መሆኑ ስለተነገረላት በእስር አለፈች። እመቤቲቱ ችሎት ፊት አልቀረበችም። አልተጠየቀችም፣ አልተከራከረችም፣ አልተፈረደባትም። ንጉሡ ፍርድና ሞት ፈልጎ ነበር፤ ቱርዞ ግን የቤተሰቡን ክብር ምክንያት አድርጎ በራሷ ግንብ ውስጥ ታስራ እንድትቀመጥ አደረገ። ሀብቱ ለልጆቿ ተረፈ።

እዚህ ላይ ወደ ቁጥሩ እንግባ። አሽከሮቹ ያውም በስቃይ ውስጥ ሆነው የተናገሩት 36፣ 37፣ ከፍ ሲል ደግሞ 50 አካባቢ ነው። የሳርቫር ግቢ ሰዎች ከ100 እስከ 200 አሉ። 650 የሚለው የመጣው ከአንዲት ምስክር ነው። ሱዛና ትባላለች። እሷም አልቆጠረችም። እመቤቲቱ የሟቾችን ስም የምትጽፍበት መዝገብ እንደነበራት፣ መዝገቡንም ያኮብ ሲልቫሺ የሚባል የግቢው ሹም እንዳየው፣ በውስጡ ያለው ቁጥር 650 እንደሆነ ሰምቻለሁ ነው ያለችው። ሲልቫሺ ራሱ በምርመራው ቃሉን ሰጥቷል፤ ስለ መዝገቡ ግን አንዲት ነገር አልተናገረም። መዝገቡም እስከ ዛሬ አልተገኘም። አስቡት እንግዲህ፤ አየ የተባለው ሰው ያላለውን፣ ያላየችው ሴት ያለችውን ቁጥር ነው እንጭኒ ቪዲዮ ቤት ድረስ የሰማነው። ጊነስ መዝገብ ሳይቀር በብዛት የገደለች ሴት አድርጎ ስሟን ሲያነሳ ቁጥሩን ከ600 በላይ ያደርገዋል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ በ300ዎቹ ቃል ውስጥ የደም ገንዳ የለም። ደም ጠጣች የሚል የለም። ወጣትነት ፈለገች የሚልም የለም።

ታስራ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖረች። በሩ በግንብ ተደፍኖባት በቀዳዳ ምግብ ይገባላት ነበር የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ ቤቷን የጎበኙ ካህናት ደብዳቤዎች ግን በግቢው ውስጥ ትንቀሳቀስ እንደነበር ያሳያሉ የሚሉ አሉ። በጁላይ 1614 መጨረሻ ኑዛዜዋን አስጻፈች። ኦገስት 20 ማታ እጄ ቀዘቀዘኝ ብላ ለጠባቂዋ ነገረችው ይባላል፤ ምንም የለብሽም ተኚ ብሎ መለሳት። ጠዋት ሞታ ተገኘች። 54 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዝምታ ነው። በ1729 ላስሎ ቱሮጺ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ታሪኳ እንደገና ብቅ አለ። የደሙ መታጠቢያ በጽሑፍ የታየው ያኔ ነው። ዛሬ በየፊልሙ የምናየው አፈ ታሪክም ከዚያ የተስፋፋ ነው፦ ፀጉሯን የምታበጥራትን ገረድ በጥፊ ስትመታት ደም እጇ ላይ ፈነጠቀ፣ ስትጠርገው ቆዳዋ ለስልሶ ወጣት መሰላት፣ ከዚያ በኋላ ገንዳ አስሞላች። የምስክሮቹ ቃል የተገኘው በ1765፣ የታተመው ደግሞ በ1817 ነው። በዚያን ጊዜ አፈ ታሪኩ ሥር ሰዷል። ማረሚያው ከስሕተቱ 88 ዓመት ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው። ጋዜጣ ላይ በሦስተኛው ቀን በትንሽ ፊደል የሚወጣ ማረሚያ እንኳ ስንት ሰው ያነበዋል?

ቱሮጺ የጻፈበት ጊዜም በራሱ የሚገርም ነው። በ1720ዎቹና 30ዎቹ በሀብስበርግ ግዛት ዳርቻ፣ ሰርቢያ ውስጥ፣ ሙታን ተነስተው ደም ይመጣሉ ተብሎ መቃብር ይቆፈር፣ ሬሳ በእንጨት ይወጋ ነበር። ነገሩ በሐኪሞችና በመኮንኖች ሪፖርት ተጽፎ በአውሮፓ ጋዜጦች ተዳረሰ፤ ቫምፓየር የሚለው ቃል በየቋንቋው የገባው በዚያ ጊዜ ነው። በ1755 ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟን ቫን ስዊተንን ነገሩን እንዲያጣራ አድርጋ ሬሳ ማውጣቱን በሕግ ከለከለች። እንግዲህ የኤልሳቤጥ ታሪክ ከመጋዘን የወጣው ሁሉም ሰው ስለ ደም በሚያወራበት ዘመን ነበር። ሁለቱ ወሬዎች ተጋቡ። ባሏ የሞተባት፣ ርስት ያላት፣ በኋላ ደግሞ ፕሮቴስታንት የነበረች ሴት፣ ጸሐፊው ካቶሊክ።

ስለ እኛዋ ዮዲት ያሰበ አንባቢ ይኖራል። እኔም አስቤያለሁ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሐበሻን የምትገዛ ሴት እንደነበረች የዐረብ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል መዝግቧል፤ እኛ ግን የያዝነው ስም ጉዲት፣ እሳቶ የሚል ነው፤ ታሪኳን የጻፉት የተቃጠለባቸው ናቸው። አላቃጠለችም ማለቴ አይደለም። የእሷ ወገን የጻፈው አንድ ገጽ እንኳ በእጃችን የለም ማለቴ ነው።

ወደ ፊልሙ እንምጣ። አየርላንዳዊው ሸሪዳን ሌ ፋኑ በ1872 ያሳተመው «ካርሚላ» የተባለው ልብ ወለድ የደም መጣጯን ሴት መልክ ሠራ፤ ቆንጆ፣ ልፍስፍስ፣ ወጣት ሴት የምታፈቅርና የምትገድል። ድራኩላ የመጣው ከእሱ 25 ዓመት ቆይቶ ነው። የአውሮፓ ሲኒማ ለረጅም ጊዜ ይህችን ሴት በጨዋ ደንብ ነው የያዛት። ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ ግን ሳንሱሩ ላላ፣ ቴሌቪዥን ተመልካቹን ወሰደ፣ ፊልም ሠሪዎችም በቴሌቪዥን የማይታይ ነገር ፈለጉ። በ1968 ዣን ሮለን ፓሪስ ውስጥ የሴት ቫምፓየር ፊልሞቹን ጀመረ። በ1970 እንግሊዝ ለዐዋቂ ብቻ የሚባለውን የፊልም ደረጃ ከ16 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገች፤ ሐመር የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት «ካርሚላ»ን «ዘ ቫምፓየር ላቨርስ» ብሎ ልብሷን አስወልቆ አወጣት። ስፔናዊው ጄስ ፍራንኮም ቀጠለ። ገበያው ደራ።

በዚህ ገበያ ላይ የኤልሳቤጥ ስም መሸጡ አይቀርም ነበር። በ1971 ሁለት ፊልም ወጣ፤ በ1974 ሦስተኛው። የመጀመሪያው የሐመር «ካውንተስ ድራኩላ» ነው። ድራኩላ የሚባል ሰው በውስጡ የለም፤ ስሙ ለፖስተር ነው። ዳይሬክተሩ ፒተር ሳሽዲ የሃንጋሪ ተወላጅ ነው። ዋናዋ ተዋናይ ኢንግሪድ ፒት በልጅነቷ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፈች ሴት ናት፤ በፊልሙ ውስጥ ድምፅዋን አስወጥተው የሌላ ሴት ድምፅ ለጠፉባት። እኔን ከፊልሙ ይበልጥ የነካኝ ይሄ ነው። ችሎት ፊት እንድትናገር ያልተፈቀደላትን ሴት የምትጫወተው ተዋናይም በገዛ ድምፅዋ አልተናገረችም። ፊልሙ ራሱ የደሙን መታጠቢያ እንዳለ ይወስደዋል፤ አሮጊቷ በደም ትታጠብና የልጇን ስም ይዛ ወጣት ሆና ትወጣለች፣ ደሙ ሲያልቅ ከበፊቱ ብሳ ታረጃለች። አስፈሪው ነገር ግድያው ሳይሆን የፊቷ መሸብሸብ ነው። ካሜራው ሬሳው ላይ ሳይሆን ጉንጯ ላይ ይቆያል።

ሁለተኛው የቤልጅየሙ ሃሪ ኩመል የሠራው «ደም የለበሱ ከንፈሮች» ብዬ በግርድፉ የምተረጉመው ነው፤ በፈረንሳይኛው ርዕሱ ቀይ ከንፈሮች ማለት ነው። ከሦስቱ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። በክረምት፣ እንግዳ በሌለበት ወቅት፣ ኦስተንድ የባሕር ዳርቻ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ያርፋሉ። አንዲት እመቤት ከጓደኛዋ ጋር ትመጣለች። የሆቴሉ ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ሳለ ከ40 ዓመት በፊት አይቷታል፤ ምንም አልተለወጠችም። ስሟን ስትናገር ኤልሳቤጥ ባቶሪ ትላለች። የምትጫወተው ዴልፊን ሴሪግ ናት፤ በፈረንሳይ ለሴቶች መብት በአደባባይ ከቆሙት ተዋንያን አንዷ። ረጅም ጥርስ የላትም፣ አትጮህም። በለስላሳ ድምፅ ታወራለች፣ ትፈግጋለች። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ከእሷ የበለጠ የሚያስፈራው ሚስቱን በቀበቶ የሚገርፈው ባል መሆኑን ትረዳላችሁ። ራቁት ገላ የሚታይባቸው ትዕይንቶች አሉት፤ ለወላጅ ፊት የሚሆን ፊልም አይደለም። ግን እመቤቲቱን ከመግደሏ በፊት የሚሰማት ብቸኛው ፊልም እሱ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ፖላንዳዊው ቦሮቭቺክ በፈረንሳይ በሠራው የአራት ታሪኮች ፊልም ውስጥ ባቶሪን የሠዓሊው የፒካሶ ልጅ ፓሎማ ፒካሶ ትጫወታታለች። ደሙም አለ፣ ገንዳውም አለ፣ ከንግግር ይልቅ ገላ ይበዛዋል። ሥዕል ነው ይሉታል። ለእኔ ግን ገረዶቹ ከልብሳቸው ጋር ስማቸውንም ያወለቁበት ነው።

በቅርቡ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በ1980ዎቹ እንደ ላስሎ ናጅ ያሉ የሃንጋሪ ታሪክ ጸሐፊዎች ክሱ ፖለቲካ ነው ብለው ተነሱ። ንጉሡ ለናዳሽዲ ቤት ብዙ ገንዘብ ዕዳ ነበረበት። ዘመዷ ጋቦር ባቶሪ የትራንሲልቫኒያ ገዥ ሆኖ ከሀብስበርጎች ጋር ተቃቅሯል፤ የእሷ ግንቦች ለእሱ ቢከፈቱ ለቪየና አደጋ ነው። ቁስሎቹ የዘመኑ ሕክምና ምልክት ናቸው ያሉም አሉ። በ2008 ስሎቫካዊው ዩራይ ያኩቢስኮ፣ በ2009 ፈረንሳዊቷ ጁሊ ዴልፒ የሠሯቸው ፊልሞች ሴራውን ከታሪኩ መሐል አስገብተውታል።

እኔ በዚህኛውም ሙሉ በሙሉ አልሄድም። ክሱ የተጀመረው ቱርዞ ፓላቲን ሳይሆን፣ ባሏም ሳይሞት፣ ያ ቄስ ብቻውን ሲጮህ ነው። በተለያየ ግቢ የሚኖሩ የማይተዋወቁ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል። ሬሳ ነበር። ስለዚህ ግቢዋ ውስጥ ልጃገረዶች ተሰቃይተው ሞተዋል፣ እሷም ታውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስንት እንደሆኑ ማንም አያውቅም። የደም ገንዳው ግን ከሞቱ በኋላ የተጨመረ ነው። የሚያሳዝነው አፈ ታሪኩም ማስተባበያውም ስለ አንዲት እመቤት መሆናቸው ነው፤ ወይ ጭራቅ ናት ወይ ሰማዕት ናት። ማገዶ የተሸከሙት፣ ልብስ ያጠቡት፣ በውርጭ የቆሙት የገባር ልጆች በሁለቱም ፊልም ጀርባቸውን ሰጥተው ያልፋሉ። ቤት ውስጥ ሠራተኛ ሆና ከገጠር የመጣች ልጅ የሚያውቅ ሰው (እኛ አካባቢ የማያውቅ የለም) ይህንን ለመረዳት ሃንጋሪ መሄድ አያስፈልገውም።

የቡዳውን ነገር ቀጠሮ ይዤ ነበር። እንጭኒና ዙሪያዋ ልክ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው፣ እንዲሁም ሸክላ ሠሪዋ፣ ቡዳ ናቸው ተብለው ሲታሙ ኖረዋል። ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይን ይበላሉ፣ ደም ይመጣሉ ይባላል። መከላከያው ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ነው። በፊልሙ ውስጥ ቫምፓየር የሚሸሸው ምንድን ነው? ነጭ ሽንኩርት! በዚህ ስስቅ ቆየሁና ሳቄ አለቀ። ድስቷንና ጀበናዋን ገዝቶ የሚሄድ ሰው ቤቷ ገብቶ እህል አይቀምስም፤ ልጇን ለልጁ አያጭም። ምን አየህ ቢሉት ያየው የለም። ሰምቷል። የነገረውም ሰምቷል። ሱዛናም እንዲሁ ነው የሰማችው። ልዩነቱ ኤልሳቤጥ ግንብና አማች ነበራት፤ ታስራ በአልጋዋ ሞተች። የተቃጠሉት አሽከሮቿ ናቸው።

ኤልሳቤጥ በኖቬምበር 1614 ቸይቴ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። የመንደሩ ሰው እዚህ አትቀበርም ብሎ ስላስቸገረ አስከሬኗ ወደ ትውልድ ቤቷ ወደ ኤቸድ ተወሰደ ይላሉ፤ ዛሬ ያለችበት አይታወቅም። ግንቧ ፈራርሶ ኮረብታ ላይ ቆሟል፣ ጎብኚ ይወጣበታል። ቱርዞ ከእሷ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1616 ሞተና በራሱ ግንብ በኦራቫ ጸሎት ቤት ተቀበረ። የእሱ ግንብ አልፈረሰም። በ1921 ሙርናው የሚባል ጀርመናዊ ዳይሬክተር ካሜራ ይዞ እዚያ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለታየው «ኖስፌራቱ» ለተባለው ፊልም የቫምፓየሩ መኖሪያ የሚሆን ቦታ ፈልጎ ነው፤ የመረጠውም የቱርዞን ግንብ ነው።